አልጌ በሊታዎች፦ ለትንሽ ገንዳ ማንን እንምረጥ?

የከሚሴ ከተማ ሞቃት ናት። ፀሐይ በሚያገኘው ግቢ ውስጥ በገንዳ የተቀመጠ ውሃ ብዙ ሳይቆይ አረንጓዴ መልክ ይይዛል። ይህን ቀለም የሚሰጡት አልጌዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት። ብርሃን፣ ሙቀት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካገኙ በፍጥነት ይራባሉ። ዓሣ የሚኖርበት ገንዳ ደግሞ የምግብ ትራፊውና የዓሣው ኩስ ስለሚያዳብሩት ይህ ሁሉ ተሟልቶ ይገኝበታል። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ገንዳ ያቆመ ወይም ጓሮው ኩሬ የቆፈረ ሰው፣ ይህን የሚበላልኝ እንስሳ የትኛው ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እንስሳውን ከመምረጥ በፊት አልጌውን መለየት ይገባል። አንዱ ዓይነት እየተንሳፈፈ ውሃውን ራሱን ያለመልማል። ሌላው መስታወትና ድንጋይ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይለጠፋል። ሦስተኛው እንደ ፀጉር እየረዘመ ይጎነጎናል። በሊታዎቹም እንዲሁ አፋቸው ይለያያል፦ ውሃ እያጣራ የሚበላው ድንጋይ መፋቅ አይሆንለትም፤ የሚፍቀውም ተንሳፋፊውን ሊያጠራ አይችልም።

በአገራችን በስፋት የሚታወቀው አልጌ በሊታ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ነው። ተንሳፋፊውን አልጌ ከውሃው ለይቶ ይውጣል። የሆዱ አሲድ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ2 በታች ስለሚወርድ ሌሎች ዓሦች የሚቸገሩበትን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ጭምር ይፈጨዋል። አንጀቱ ከሰውነቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሙቀት ስለሚወድ የከሚሴ አየር ይስማማዋል። ይሁን እንጂ ለመስታወት ገንዳ አይመከርም፦ ይገዝፋል፣ ታቹን ይቆፍራል፣ ሴቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል ጫጩቱ በርክቶ ገንዳውን ያጨናንቀዋል። ቦታው ሰፊ ኩሬ ነው፤ እዚያም ቢሆን ወንድ ወንዱን ለይቶ ማስገባት ይሻላል።

ለፋቂነት የሚታጨው ጋራ የተባለው ትንሽ ዓሣ ነው። የዚህ ወገን ዝርያዎች የቦርከና ወንዝ በሚገብርበት በአዋሽ ተፋሰስ ይኖራሉ። አፉ ከሥር ነው፤ ከታችኛው ከንፈሩ ኋላ ባለው ክብ መጣበቂያ ወራጅ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ይዞ ይቆያል፣ እዚያው እንዳለም የተለጠፈውን አልጌ ይልጣል። ከወራጅ ውሃ የመጣ በመሆኑ አየር የሚነፋ ፓምፕ ያስፈልገዋል።

ቀንድ አውጣም ጎበዝ ፋቂ ነው፤ ነገር ግን ከወንዝና ከመስኖ ቦይ ለቅሞ ማምጣት አደገኛ ነው። በጨው አልባ ውሃ የሚኖሩ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ትል ያሳድጋሉ፤ ከእነሱ የሚወጣው እጭ ውሃ ውስጥ የገባን እጅ ቆዳ ሰንጥቆ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ተክል ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተውለው ምርምራቸውን የጀመሩት ይህንኑ በሽታ ለመከላከል ነበር። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል በእንዶድ የታጠበበት ውሃ ወደ ኩሬው እንዳይደርስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የተሳሳተ ምርጫ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከከሚሴ ተነስቶ ኮምቦልቻንና ደሴን ላለፈ መንገደኛ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ሐይቅ ይቀበለዋል። ውሃው ድሮ እጅግ የጠራ ነበር፤ ቀደም ባሉት ልኬቶች ወደ ውስጥ የወረደ ነጭ ሳህን 9 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ገባበት። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ሳህኑ የሚታይበት ጥልቀት ወደ 1 ሜትር ገደማ ወርዶ ተገኘ፤ አልጌ በሊታ የገባበት ሐይቅ በአልጌ ለመለመ። ተመራማሪዎች ካቀረቧቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው፦ ሐይቁን ያጠራ የነበረው ዳፍኒያ የሚባል፣ ሰናፍጭ የሚያህል፣ አልጌ እያጣራ የሚበላ ፍጥረት ነበር። ቆሮሶ በተለይ በጫጩትነቱ እንዲህ ያሉትን ደቃቅ እንስሳት ይበላል። ዋናው አጥሪ ሲመናመን አልጌው የሚቆጣጠረው አጣ። ለዓሣ አስጋሪው ቆሮሶ እንጀራ ሆኗል፤ ለውሃው ጥራት ግን ዋጋ አስከፍሏል። አንድን እንስሳ ስንመርጥ አልጌ መብላቱን ብቻ ሳይሆን ሌላ ምን እንደሚበላም መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

የባሕር ውሃ ገንዳ ማቆም የሚሻ ሰውም አልጌ መብላቱን ብቻ አይቶ እንስሳ መምረጥ የለበትም። በቀይ ባሕር ኮራል መካከል የሚግጠው ባለ ሰፊ ክንፉ ዜብራሶማ ያማረ አልጌ በሊታ ነው፤ ግን እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግና ሲዋኝ ስለሚውል 100 ሊትር ገንዳ እስር ቤት ይሆንበታል። ለእንዲህ ያለው ገንዳ ትሮከስና ተርቦ የተባሉት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ይመረጣሉ፤ ሽፋኑን እየፋቁ ያጸዳሉ። ሳላሪያስ የተባለው፣ እንደ ማበጠሪያ ባሉ ጥርሶቹ ድንጋይ የሚግጠው ዓሣም ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ገንዳው ቆይቶ በቂ አልጌ ካበቀለ በኋላ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ይራባል። በመዳብ የተሠራ የዓሣ መድኃኒት ቀንድ አውጣዎቹን ስለሚገድል እነሱ ባሉበት ገንዳ አይጨመርም።

እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ቦታ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። ሙቀቱ ውሃውን ሲያተን ጨው አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ በየዕለቱ የጎደለው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ መተካት አለበት። በጨው ውሃ ከተሞላ ጨዋማነቱ እየከረረ ሄዶ ቀድሞ የሚጎዳው ቀንድ አውጣውን ነው።

የትኛውም በሊታ ቢመረጥ አልጌውን ከገንዳው አያስወጣውም፤ የበላውን ኩስ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ማዳበሪያውም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ከባለቤቱ ይጀምራል፦ ምግብ መቀነስ፣ ገንዳውን ቀጥተኛ ፀሐይ ከማያገኝበት ማኖር፣ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ መለወጥ። ከዚያ በኋላ የሚታየው አልጌ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለይቶ፣ አፉ ለዚያ የሚመች፣ ሲያድግ ገንዳው የሚበቃው አንድ እንስሳ ማስገባትና ለጥቂት ሳምንታት ማየት ነው። የተረፈውን ወይም የሰለቸውን ግን ወደ ቦርከናም ሆነ ወደ ጨፋ ረግረግ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ከብት የሚጠጣበት፣ ማሳ የሚለማበት ውሃ ነው፤ ከገባ በኋላ የሚራባን እንግዳ እንስሳ ለቅሞ የሚያወጣ አይገኝም።