ቫይታሚን ዲ፦ እኛ ሐኪሞች ለማን እናበዛለን? ማንንስ እንረሳለን?



ዛሬ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በቅርቡ እዚሁ ለቡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ገና አልቆመም። የእጁ አንጓ ወፈር ብሏል፤ ደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት አለ። ሪኬትስ ነው፤ የአጥንት መለስለስ። ስለ ቫይታሚን ዲ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «ዶክተር፣ ያኔ ወገቤን ሲያመኝ ለእኔ አዘዙልኝ እኮ። ለልጁ ግን ምንም አላሉኝም» አለችኝ። ካርዷን ሳየው እውነቷን ነው። ለማያስፈልጋት ሰጥቼ የሚያስፈልገውን ረስቻለሁ።

«የ13 ወር ፀሐይ አገር እያለን?» ትሉ ይሆናል። አዎ! እ.ኤ.አ. በ1997 ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያጠኑትን አሳተሙ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ደግሞ 20ዎቹ ብቻ። ነገሩ የእግር መጣመም ብቻ አይደለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አዳማና አካባቢዋ ያሉ ተማሪዎችን አነጻጸረ። እጥረቱ ከከተማ ልጆች 62 በመቶ ገደማ፣ ከገጠሮቹ 21 በመቶ ገደማ ላይ ተገኘ።

ለምን? ፀሐዩ አለ፣ ቆዳችን ጋ ግን አይደርስም። ቫይታሚኑን የሚሠራው የፀሐይ ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም። ማለዳ ፀሐይ ዝቅ ስትልም ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ልጅን ከመስታወት ጀርባ ማሞቅ፣ ወይም በጠዋት ጠቅልሎ በረንዳ ላይ ማቆየት አይበቃም። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ለጨቅላ ቆዳ ይከብዳል። የእናት ጡት ወተት ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ ቢሆንም ቫይታሚን ዲ ግን ትንሽ ነው ያለው። ይሄ የእናት ጥፋት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ከተወለደ እስከ 1 ዓመት፦ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ፣ ጡት ቢጠባም ባይጠባም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የሪኬትስ መመሪያ የሚለው ይህንን ነው።
• ጠርሙሱን አንብቡ። አንዳንዱ 400 ዩኒት የሚሆነው በ1 ጠብታ ነው፣ አንዳንዱ በ1 ሚሊ ሊትር። ካልገባችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።
• ልጁ መቀመጥ፣ መቆም ወይም ጥርስ ማብቀል ከዘገየ፣ እግሩ ከተጣመመ አሳዩት። ሲያንቀጠቅጠው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በፍጥነት ሆስፒታል!

አዋቂዎችስ? ድካም ወይም የወገብ ሕመም ሁሉ የቫይታሚን ዲ እጥረት አይደለም። ወደ 26 ሺህ ሰው የተሳተፈበት የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳየው፣ በአብዛኛው ጤነኛ በሆኑ አዋቂዎች ላይ በየቀኑ 2,000 ዩኒት መውሰድ የአጥንት ስብራትን እንዳልቀነሰ ነው። የ2024ቱ የኢንዶክራይን ማኅበር መመሪያም ጤነኛ አዋቂ ሁሉ ደሙን እየተመረመረ ልኩን ይወቅ አይልም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ዕድሜያችሁ ከ75 በላይ ከሆነ ወይም የኩላሊት፣ የጉበት፣ የአንጀት ሕመም ካለባችሁ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ባለ 50 ሺህ ዩኒቱ እንክብል ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው የሚታዘዘው። በስህተት በየቀኑ ሲዋጥ ደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፤ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ ውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ ሲብስም የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። «ለጎረቤቴ ተስማማት» ብላችሁ አትግዙ።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል፦ ለ45 ቀን ክትባት የመጣችን እናት «ጠብታውን ጀመርሽለት?» ብሎ ለመጠየቅ አምስት ሰከንድ ይበቃል። እኔ አሁን እጠይቃለሁ።

ልጁ ሕክምናውን ከካልሲየም ጋር ጀምሯል። አጥንት በዚህ ዕድሜ ጥሩ ተስፋ አለው። ቤታችሁ ወይም ጎረቤት አራስ ካለች ይህን ሼር አድርጉላት፤ እኛ ከረሳን እሷ ታስታውሰን።