ከሕመም በኋላ ወደ ማኅበረሰብ ኦርኬስትራ መግባት፦ ማወቅ ያለብዎት

የማኅበረሰብ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ተሰባስበው የሚጫወቱበት ቡድን ነው። አንዳንዶቹ ቡድኖች ለኮንሰርት አይዘጋጁም። በዕለቱ ኖታ ይታደላል፤ ሁሉም ቀድሞ ሳይለማመድ እያነበበ ይጫወታል። በሕመም ወይም በኑሮ ሩጫ ምክንያት መሣሪያውን ለዓመታት ላስቀመጠ ሰው ይህ ጥሩ መመለሻ ነው፤ እዚህ መሳሳት የሚያሳፍር አይደለም።

በዕድሜ ለገፉ ጀማሪዎች የተዘጋጁ ቡድኖችም አሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ ሮይ ኧርንስት «ኒው ሆራይዝንስ» የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1991 በሮቼስተር ከተማ፣ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጀምረዋል።

ኖታ እያነበቡ መጫወት ዓይንን፣ ጆሮን፣ እጅንና ትኩረትን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ከሰውም ያገናኛል። መድኃኒትዎን ወይም ፊዚዮቴራፒዎን ግን አይተካም። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የትኛውን መሣሪያ እንደሚጫወቱ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ዓይን
የንባብ መነጽር የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ለሚርቅ ጽሑፍ ነው፤ ኖታው ግን ከዚያ ይርቃል። በሚጫወቱበት አቀማመጥ ከዓይንዎ እስከ ኖታው ያለውን ርቀት ለክተው ለመነጽር ባለሙያው ይንገሩ። አለበለዚያ ለማየት ሲያጎነብሱ አንገትዎን ያምዎታል።

ግላኮማ ካለብዎት ትራምፔትንና ኦቦን የመሳሰሉ በኃይል የሚነፉ መሣሪያዎች በሚነፉበት ጊዜ የዓይን ግፊትን ሊጨምሩ ይችላሉ። የዓይን ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ትንፋሽ
የሆድ፣ የደረት ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ወይም ቡአ ካለብዎት፣ የትንፋሽ መሣሪያ መቼ መንፋት እንደሚችሉ ሐኪምዎን ይጠይቁ። መሣሪያውን በየጊዜው ያጽዱ፤ ከተጫወቱ በኋላም ያድርቁት። ውስጡ የሚያድግ ሻጋታና ባክቴሪያ ሳንባን ሊያስቆጣ ይችላል።

ጆሮ
የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መጋለጥን አይመክርም። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ለ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት ብቻ ነው። ከትራምፔትና ከከበሮ ፊት ለፊት አይቀመጡ። ለሙዚቀኞች የተሠራ የጆሮ መሰኪያ ድምፁን ሳያደበዝዝ ይቀንሳል። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ለሙዚቃ እንዲስተካከልልዎ ይጠይቁ።

እጅና ጀርባ
በቤትዎ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በመለማመድ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ለዓመታት ያልተጫወተ እጅ በአንድ ምሽት 2 ሰዓት ሲሠራ ይጎዳል። ሕመም ከተሰማዎት ያቁሙ፤ «ይለምደዋል» ብለው አይቀጥሉ።

በመጀመሪያው ቀን
- ቫዮሊን፣ ቼሎ ወይም ሌላ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ ከሆነ ከኋላ ይቀመጡ። አንዱን ክፍል ብዙ ሰዎች ስለሚጫወቱት ቢያቆሙም ሙዚቃው አይቋረጥም።
- ቦታው ከጠፋዎት መጫወቱን ትተው ምቱን ይቁጠሩ፤ ከዚያ ቀላል ቦታ ላይ ይግቡ።
- የሚደክምዎት ከሆነ በዕረፍት ሰዓት እንደሚሄዱ ለመሪው አስቀድመው ይንገሩ።

ለቤተሰብ
መሣሪያውን በመሸከምና በማመላለስ ያግዟቸው። ሲመለሱ ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱ ሳይሆን እንዴት እንዳመሹ ይጠይቋቸው።

መቼ ሐኪም ላማክር?
ሕመም ወይም የጣት መደንዘዝ በማግስቱም ካልተሻለዎት፣ ጆሮዎ ከልምምድ በኋላ የሚጮህ ከሆነ ወይም ሳልዎ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ።

ከንፈርዎ በድንገት በአንድ በኩል ከተንጋደደ፣ አንድ እጅዎ ከደከመ፣ ንግግርዎ ከተሳሰረ ወይም ደረትዎን ካመመዎት ግን ልምምዱ እስኪያልቅ አይጠብቁ። አጠገብዎ ያለው ሰው ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥራ፤ በአሜሪካ ቁጥሩ 911 ነው።