የጋራ ነጌቲቭ

ስካነር ስል የወረቀቱን ማለቴ አይደለም። ከፍሪኩዌንሲ ወደ ፍሪኩዌንሲ እየዘለለ፣ ንግግር ያገኘበት ላይ ቆሞ የሚያሰማውን መቀበያ ሬዲዮ ነው። እዚህ አሜሪካ ብዙ የዜና ክፍል ያለ እሱ አያድርም፤ አንዱ የእሳት አደጋውን፣ አንዱ የአምቡላንሱን፣ ሌላው የአውሮፕላኑን ንግግር ይከታተላል። ስለዚህ እኔ በምጠራበት ቦታ ስካነር ብቻውን አይገኝም። አምስት ስድስት ሆነው ይደረደራሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ ያንኑ ያህል አዳፕተር ዲቫይደር ላይ ተጠቅጥቆ ይሞቃል።

ባለቤቶቹ አንድ ቀን «ይህን ሁሉ አዳፕተር ነቅለን በአንድ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ለምን አናደርገውም?» ይላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም እመክራለሁ። ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ግን ሁልጊዜ ስለ አምፔር ነው። አምፔሩ ደግሞ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። የጠረጴዛና የመኪና ስካነሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በ13.8 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሞተር ሲሠራ መኪና ውስጥ የሚገኘው ቮልት ማለት ነው። አንዱ የሚስበው ከግማሽ አምፔር ብዙም አይርቅም። ሰባት ስካነር እንኳ ቢደመር 5 አምፔር አይሞላም። አስትሮን አርኤስ-20ኤ የሚባለው ባለ ትራንስፎርመር ፓወር ሰፕላይ ስሙ 20 ይበል እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠው 16 አምፔር ነው፤ እሱም ለሰባት ስካነር ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሒሳቡ እዚህ ላይ ያልቃል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ነጌቲቩ ነው።

ባለፈው ጥር በዋሽንግተን አካባቢ ካለ አንድ አነስተኛ የዜና ክፍል ተደወለልኝ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ስካነሮቹን ሁሉ አጥፍተናል አሉኝ። አብሮኝ የሚሠራውን ወጣት ይዤ ሄድኩ። መደርደሪያውን ከግድግዳው ስበን በባትሪ ስናይ ነገሩ ገባኝ። አንድ ሰው የሰባቱንም አዳፕተሮች ገመድ ቆርጦ፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቩን ከነጌቲቭ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ከአንድ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኝቶታል። ከዓመት በላይ ያለ እንከን ሠርቷል። አሁን ግን የአንደኛው ስካነር ገመድ ፕላስቲኩ አረፋ አውጥቶ ቀልጧል፤ የጎረቤቱም ጥቁር ሽቦ ለስልሶ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቋል።

የቀለጠውን ገመድ ጫፍ አንስቼ በመዳፌ ላይ አየሁት። ውጨኛው ቀለበት ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ጥቁር ጠባሳ አለች። ከዚያ ስካነሩን ገልብጬ ከመሰኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሥዕል ፈለግሁ። ከመሐል ነጥቧ የሚወጣው መስመር የሚያደርሰው ወደ ሲቀነስ ምልክት ነው። የዚህ ስካነር መሰኪያ መሐሉ ነጌቲቭ፣ ውጨኛው ቀለበት ፖዘቲቭ ነው። የስድስቱ ጎረቤቶቹ በተቃራኒው ናቸው።

ገመዱን ያገናኘው ሰው ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ፖዘቲቭና ነጌቲቩን በትክክል ለይቷል፣ ባይለይማ ስካነሩ በመጀመሪያው ቀን ይሞት ነበር። ያላስተዋለው ሌላ ነው። አዳፕተር ለየብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ደሴት ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ወጣበት ካልተመለሰ አይሄድም፤ የአንዱ አዳፕተር መመለሻ ደግሞ ሌላው ሬዲዮ ላይ የለም። ስለዚህ ያ ቀለበት ተነቅሎ የጎረቤቱን ብረት ቢነካ ምንም አይሆንም ነበር። ሰባቱ ነጌቲቭ አንድ ከሆነ በኋላ ግን የእያንዳንዱ ሬዲዮ ቻሲ፣ የአንቴና መግጠሚያውም ብረት ሁሉ መመለሻ ሆነ። ጽዳት ላይ ገመዱ ተነቀለ፣ ፖዘቲቩ ቀለበት የጎረቤቱ አንቴና መግጠሚያ ላይ ተደገፈ፣ ኮንታክት ተፈጠረ። የጎረቤቱ ጥቁር ሽቦ የለሰለሰውም ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ነው የተመለሰው።

«ጋሼ፣ ፊውዝ አለው እኮ። ለምን አልበጠሰም?» አለኝ ወጣቱ።

ፊውዙን አውጥቼ አሳየሁት፤ 20 አምፔር ይላል። ገመዱ ደግሞ የአዳፕተር ገመድ ነው፣ አንድ ሁለት አምፔር እንዲሸከም የተሠራ የፀጉር ያህል ሽቦ። ልል ንክኪ ስለነበረ 12 ወይም 15 አምፔር ሄዶ ይሆናል። ለፊውዙ ይህ የተለመደ ሥራ ነው፤ ለሽቦው ግን እሳት ነው። ፊውዝ ሬዲዮውን የሚያድን ይመስለናል እንጂ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ስለዚህ የሚለካው በሽቦው ውፍረት እንጂ በፓወር ሰፕላዩ ጉልበት አይደለም። ይህን ስህተት እኔም በጀማሪነቴ ሠርቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ያዳነኝ ሰው አጠገቡ መኖሩ ብቻ ነው። ይኸኛው ደግሞ ሰው በሌለበት ሌሊት ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ሥራውን እንደገና ጀመርነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወፍራም ቀይና ጥቁር ሽቦ አወጣን፤ እዚያው መውጫው ላይ የ10 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ የመኪና ፊውዝ የሚቀበል ማከፋፈያ ሳጥን። ከሳጥኑ ለእያንዳንዱ ስካነር የራሱ ቀይ፣ የራሱ ጥቁር፣ የራሱ የ2 አምፔር ፊውዝ። ጥቁሩን ከጎረቤት መቀጠል ሽቦ ይቆጥባል፣ ወጣቱም ሊያደርገው ነበር፤ አስቆምኩት። በቅጥልጥል ሲሄድ የመጨረሻው ሬዲዮ የሁሉንም ቮልት መውረድ ይሸከማል፤ የአንዱም ሁካታ በሌላው ይሰማል። ለጫፎቹ አንደርሰን ፓወርፖል ተጠቀምን፤ ቀይና ጥቁሩ ተጣምሮ ከተሠራ ገልብጦ መሰካት አይቻልም።

መሐሉ ነጌቲቭ የሆነውን አሮጌ ስካነር ከጋራው አወጣሁት። አዳፕተር ገዝቼ ለብቻው አደረግሁት። አለቃቸው ቅር አለው፤ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድም አዳፕተር እንዳይቀር ነበር ምኞቱ። አልተስማማሁም። በእጅ የሚያዙትንም፣ በ5 ወይም በ6 ቮልት የሚሠሩትን፣ እንዲሁ እተዋቸዋለሁ። ቮልት የሚያወርድላቸው ርካሽ ሰርኪት በራሱ ጩኸት ይፈጥርና ደካማውን ጣቢያ ይውጠዋል። የርካሽ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይም ችግር ይኸው ነው። ጩኸቱ ከእሱ መሆኑን ለመለየት፣ በጣም ደካማ የሆነውን ጣቢያ ከፍቶ፣ ስካነሩን በባትሪ አስነስቶ፣ ፓወር ሰፕላዩን ማብራትና ማጥፋት ነው። ጆሮ ይነግራል።

አንድ ነገር ቀረን። የስካነሮቹ ድምፅ ሁሉ ለቀረጻ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይገባል፤ ያንን ስንሰካ «እምምም» የሚል ድምፅ መጣ። በኃይሉ ሽቦ፣ በአንቴናው ገመድ መረብና በድምፁ ገመድ ነጌቲቩ ሦስት ጊዜ ተገናኝቶ ቀለበት ሠርቷል። በእያንዳንዱ የድምፅ ገመድ ላይ አንዲት ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር ስናስገባ ጸጥ አለ። ድምፁን ከውጭ ስፒከር መውጫ የሚወስድ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፦ አንዳንዱ ስካነር ሁለቱም የስፒከር ሽቦ ሕያው ነው፤ አንዱን ከጋራው ነጌቲቭ ጋር ያገናኘ ማጉያውን ያቃጥላል።

አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮ በመኪና ባትሪ እያዳመጥኩ ስላደግሁ፣ ባትሪ ሳላስገባ መሄድ አልሆነልኝም። አንድ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ስድስቱም አብረው ዝም ይላሉና። ለእሱም የራሱን ፊውዝ፣ ከባትሪው ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ።

ከመውጣታችን በፊት የአንደኛውን ስካነር ገመድ ነቅዬ ጫፉን አለቃቸው ፊት ሆን ብዬ ሾርት አደረግሁት። ጠቅ አለ። የ2 አምፔሩ ፊውዝ ተበጠሰ፤ የቀሩት አምስቱ ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ አንዱም አልተደናቀፈም። አለቃቸው ሽቦውን ነካው፣ ቀዝቃዛ ነበር። ወጣቱ አዲስ ፊውዝ ተካ፤ እኔም ስድስት ትርፍ ፊውዝ በትንሽ ፖስታ አድርጌ ከሳጥኑ ክዳን ጀርባ ለጠፍኩላቸው።