የሐጅ ስላይዶችና የጠፋችው ቀለበት

ባለፈው የዓረፋ ሰሞን ለመድረሳችን ልጆች የሐጅን ሥርዓት በሥዕል ልናሳያቸው ተነሣን። አንድ አዛውንት ኡስታዛችን ከብዙ ዓመታት በፊት ያነሷቸውን የመካና የሚና ስላይዶች ሰጡን። ሌላ ቅጂ የላቸውም፤ አማና ናቸው።

ማሳያው፣ ኮዳክ ካሩሰል የሚባለው ፕሮጀክተር፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት አቧራ ለብሶ ተገኘ። አምፖሉም ማራገቢያውም ይሠራል፤ አልሐምዱሊላህ። የአሜሪካ ሥሪት በመሆኑ ግን የእኛን 220 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያሻዋል። ኮዳክ ስላይድ ፕሮጀክተር መሥራት ያቆመው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ ከማሽኑ ይልቅ የሚያደክመው የራሱን ዕቃዎች ማግኘት ነው። የእኛው ክቡ የስላይድ መያዣ ጠፍቶበታል። ባለ 140 መያዣ ከአንድ ወዳጃችን አገኘን፤ ክፍተቱ ጠባብ ነውና ወፈር ያለ ክፈፍ አያስገባም። የሚሻለው ባለ 80 ነው፤ እሱም ከላይ የሚቆልፈው ቀለበት ከሌለው ዘንበል ሲል ስላይዱን ሁሉ ይዘረግፈዋል።

መርካቶ ወረድን። አንድ ነጋዴ መያዣው ከነቀለበቱ ያለበት ሌላ ማሽን አወጣልን። የእኛን ትተን ይህንኑ ልንገዛ ገንዘብ ስንቆጥር፣ «ወንድሞቼ፣ የዚህ ማራገቢያ አይዞርም። ሙቀቱ ፊልማችሁን ያበላሽባችኋል» አለን። ሳንጠይቀው! መያዣውን ብቻ ሸጠልን።

በዒዱ ዋዜማ አንድ ስላይድ ተሰንቅሮ ማሽኑ ቆመ። መያዣው መሐል ያለውን ብሎን በሳንቲም አዙረን አነሣነውና ስላይዱን አወጣን። ኡስታዝ በጨለማው ውስጥ፣ «ቀስ፣ እሱ ዓረፋ ነው» ይሉን ነበር።