«ጉንፋኔ» ቁም ሳጥኑ ጀርባ ነበር

ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ሙሉ አፍንጫዬ ተደፍኖ ከረመ። ጠዋት ስነሳ ማስነጠስ፣ ዓይን ማሳከክ፣ ጉሮሮ መከርከር። «ክረምት አይደል፣ ጉንፋን ነው» አልኩና ዳማከሴ ጠጣሁ፣ ዝንጅብል በማር ሞከርኩ። አልሻል ሲለኝ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ነሐሴ ላይ ለሥራ አዳማ ሄጄ አንድ ሳምንት ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዬ ተከፈተ። አዲስ አበባ ተመልሼ ክፍሌ ባደርኩ በነጋታው ግን ያው ማስነጠስ! ጉንፋን ደግሞ ቤት መርጦ አይዝም።

የምኖረው ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አድርጌ የስልኬን ባትሪ ሳበራ ግድግዳው ላይ ትሪ የሚያህል ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ አየሁ። ሻጋታ። ከሥር ያስቀመጥኩት የቆዳ ጫማ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅኩት «ቤትህ እርጥበት አለው ወይ?» ተብዬ ነው። ሻጋታ እንጀራ ላይ የምናውቀው ፈንገስ ነው። የሚራባው «ስፖር» የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ዘሮቹን አየር ላይ በመበተን ነው። እነሱን ስንተነፍስ የአንዳንዶቻችን ሰውነት እንደ ጠላት ይቆጥራቸውና ማስነጠስ፣ ንፍጥ፣ ማሳከክ ይጀምራል። አሞክሳሲሊን ያልረዳኝም ለዚህ ነው፤ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ አለርጂን አያክምም። እንዲሁ መዋጥ ደግሞ መድኃኒቱን የሚለማመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል።

ታዲያ በምን ይለያል? ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በ7 ወይም በ10 ቀን ይለቃል፤ አንዳንዴም ትኩሳትና ቁርጥማት አለው። አለርጂ ትኩሳት የለውም፤ ዓይንና አፍንጫ ያሳክካል፤ ሳምንታት ይቆያል። ዋናው ምልክት ግን ቦታ ነው፦ ቤት ስትገቡ ይብሳል፣ ስትወጡ ይሻላል። ስልካችሁ ላይ ለሁለት ሳምንት የት እንዳደራችሁና ምን እንደተሰማችሁ መዝግቡ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። ደረት ሲር ሲር ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አስም ካለባችሁ ግን መዝገቡን አትጠብቁ፤ ቶሎ ሕክምና ሂዱ።

ሻጋታ ያለ እርጥበት አይኖርም። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ መብቀል ሊጀምር ይችላል። እኔ ደግሞ ሳላውቅ ስመግበው ነበር ማለት ነው። ልብስ ክፍሉ ውስጥ አሰጣለሁ፣ ሽሮ ያለ ክዳን አንተከትካለሁ፣ «ንፋስ እንዳይመታኝ» ብዬ መስኮት አልከፍትም። ፍራሼም መሬት ላይ ነበር።

አሁን ዝናቡ ጋብ ሲል መስኮትና በር እከፍታለሁ። ቁም ሳጥንና አልጋን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አራቅኩ። ፍራሹን ከመሬት አነሳሁ። ድስት እከድናለሁ፤ ልብስ ፀሐይ ብቅ ስትል ውጭ አሰጣለሁ።

የበቀለው ሻጋታ ከአንድ ካሬ ሜትር ካነሰ ራሳችሁ ማጽዳት ትችላላችሁ፤ አለርጂ ወይም አስም ካለባችሁ ግን ሌላ ሰው ቢያጸዳው ይሻላል። እኔም ጓደኛዬን ለመንኩት። ማስክና ጓንት አድርጎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በዱቄት ሳሙናና በውኃ ፈተገውና በደንብ አደረቀው። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሻጋታው ላይ ቀለም መቀባትም ዋጋ የለው፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታው ይመለሳል። ክፍል ለማድረቅ ብሎ ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

ይህን ሁሉ አድርጌም በሁለተኛው ሳምንት ነጠብጣቡ ብቅ አለ። ውኃው ከየት ይመጣል? ዝናብ ሲዘንብ ወጥቼ አየሁ። አሸንዳው ተቀዷል፤ ውኃው በቀጥታ ግድግዳዬ ላይ ይወርዳል።

እውነቱን ልናገርና አከራዬን ለማናገር ፈርቼ ነበር። «ካልተመቸህ ልቀቅ» ቢሉኝስ? በዚህ ኪራይ የት እገባለሁ? በየሳምንቱ ያነሳሁትን ፎቶ ይዤ ሄድኩ።

«እማማ፣ ግድግዳው ይኸው እንዲህ ሆነ። እኔም እያመመኝ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን አገላበጡት። «ክረምት ሲወጣ ይደርቃል ብዬ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ ቀጥለው፦ «ይሄ አሸንዳ በእኔ ጓዳ በኩልም ያፈሳል፤ ለካ የሳሚ ሳል ከዚህ ነው እንዴ?» የልጅ ልጃቸውን ማለታቸው ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁምና «ይመርመር፣ እማማ» አልኳቸው።

አሸንዳው በሳምንቱ ተቀየረ፤ የሠራተኛውን ግማሽ እኔ ከፈልኩ። ግድግዳው ለመድረቅ ጊዜ ወስዷል፤ እኔም አቧራ ሲነሳ አሁንም አስነጥሳለሁ። ጠዋት ግን አፍንጫዬ ተከፍቶ ነው የምነሳው። እናንተም ዛሬ ማታ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ከቁም ሳጥናችሁ ጀርባ እዩ።