ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ኮድ፣ ብዙ ስርዓተ ክወና
ኤንማፕ የተባለው የኔትወርክ መፈተሻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የሚሠራው በሊኑክስ ላይ ብቻ ነበር። ወደ ሌሎች ስርዓተ ክወናዎች ሲዛወር ዋናው ፈተና ፓኬት በቀጥታ የሚልከው ኮድ ነው። በጥሬ ሶኬት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የፓኬቱን ራስጌ ራሱ በሚጽፍበት መንገድ፣ ሲላክ ሊኑክስ የአይፒ ፓኬቱን ርዝመት ራሱ ይሞላል። ማክ ኦኤስ ግን ርዝመቱ በኮምፒውተሩ የባይት ቅደም ተከተል እንዲጻፍ ይፈልጋል፤ ባይቶቹ ከተገለባበጡ 60 የነበረው 15360 ሆኖ ስለሚነበብ ፓኬቱን አይቀበለውም። ሊብዲኔት የተባለው ላይብረሪ ይህን ማስተካከያ በውስጡ ይሠራል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2004 በወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 የቲሲፒ ፓኬትን በጥሬ ሶኬት መላክ ሲከለክል ደግሞ ኤንማፕ ሙሉ የኢተርኔት ፍሬም እያዘጋጀ ዊንፒካፕ በተባለው ላይብረሪ በኩል መላክ ጀመረ።