የቡናው ደንና የላኪው ጆንያ

የአገራችን ቡና ከደን ጋራ የቆየ ዝምድና አለው። በከፋ፣ በኢሉባቦርና በባሌ ደኖች ቡናው ዛሬም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ የከፋና የያዩ ደኖችም በ2002 ዓ. ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል። ደንን መጠበቅ እንግዲህ የንግዱን ምንጭ መጠበቅ ነው።

ይህ ጉዳይ አሁን በውጭ ገበያ ሕግ ውስጥ ገብቷል። የአውሮጳ ኅብረት በ2015 ዓ. ም. ያወጣው ደንብ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ. ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው የበቀለበት ማሳም በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲታወቅ ያዛል፤ እስከ 4 ሔክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ ለሚበልጠው ግን ዙሪያ ወሰኑ መመልከት አለበት። የደንቡ መፈጸሚያ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ነገር ግን የተራዘመ ቀን የተሻረ ሕግ አይደለም።

ችግሩ ከዚህ ላይ ይገለጣል። ቡናችን በአብዛኛው ከትንንሽ ገበሬዎች ማሳ ተለቅሞ፣ በሰብሳቢና በአቅራቢ እጅ አልፎ፣ በመጋዘን ይደባለቃል። በ2000 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ሲያሻሽጥ ዋጋው ለሁሉም እንዲታወቅ ረድቷል፤ የማሳው ማንነት ግን ከጆንያው ጋራ አልተጓዘም። በ2009 ዓ. ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ለቀጥታ ትስስር በር ቢከፍትም፣ ማሳን የመለካቱ ሥራ ገና ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ይህም ሥራ ለነጋዴው ብቻ የሚተው አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚሰጠውም መንግሥት ነው። የመሬቱ መዝገብ ከቡናው መዝገብ ጋራ ቢገናኝ አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ አይለካም፤ ላኪዎችም ለአንድ ሥራ በየበኩላቸው ገንዘብ አያፈሱም። አለዚያ ወጪው ዞሮ ዞሮ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ቡናው የማያዋጣው ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ቡና በጫት የተተካበት የሐረርጌ መሬት ይመሰክራል።

የነጋዴው ድርሻ ግልጽ ነው፤ ማሳው የታወቀውን ቡና ካልታወቀው ለይቶ ማከማቸት፣ የግዢ መዝገቡን በሚገባ መያዝ፣ ለተጠበቀ ደን ቡናም ተገቢውን ዋጋ መክፈል። መንግሥት መዝገቡን፣ ነጋዴው ጆንያውን በየፊናቸው ከጠበቁ ገበሬው ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል።